ፍርሃት ሲያዝዝ አለመታዘዝ

ቤይሩት ለሚሠሩ እኅቶች እሑድ ከጸሎት በኋላ የተሰጠ ትምህርት

ፈቃድ አግኝታችሁ የመጣችሁ እሰየው፤ መውጣት ላልተፈቀደላቸው እኅቶቻችን ደግሞ ይህ ወረቀት በእጅ በእጅ ይድረሳቸው። እኔ በሙያዬ ነርስ ነኝ። ዛሬ የምናወራው በራጅ ስለማይታይ፣ በደም ምርመራም ስለማይገኝ ሕመም ነው። ምልክቱን ግን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል።

አንዳንዶቻችን እጃችን ተሰነጣጥቆ ደም እስኪወጣው እንታጠባለን። ማዳም አንድ ጊዜ አጽጂ ያለችውን ገንዳ አምስት ስድስት ጊዜ እንፈትጋለን። አንዳንዶቻችን ጋዙን ዘግተን እንተኛለን፤ ተነሥተን እናያለን፤ ተኝተን እንደገና እንነሣለን። ሌሊቱ በዚህ ያልቅና ከንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ ይጠብቀናል። አንዳንዶቻችን ደግሞ ለማንም የማንናገረው ነገር አለ፤ የምንወደውን ሕፃን በረንዳ ላይ ታቅፈን ቆመን ሳለ «ብጥለውስ?» የሚል ሐሳብ ድንገት ይመጣና ጉልበታችን ይርዳል።

ሰው የመጀመሪያዋን ሲያይ «ጽዱ ናት» ይላል። ሁለተኛዋን «ምን ሆና ነው የምትንጎራደደው?» ይላል። ሦስተኛዋን ማንም አያውቅባትም፤ እሷ ግን ራሷን «አውሬ ነኝ» ትላለች። ሦስቱንም የያዛቸው አንድ ዓይነት ሕመም ሊሆን ይችላል። ስም አለው፤ ሕክምናም አለው። ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ይህ ሕመም የሚበላው ምግብ አለ። ምግቡም እኛ ለማረፍ ብለን የምናደርገው ነገር ነው። ምግቡን ስንከለክለው ይከሳል።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ኦሲዲ ይሉታል። በዐረብኛ «አል ወስዋስ አል ቀህሪ» ይባላል። ይህን ስም በቃላችሁ ያዙት፤ ክሊኒክ ስትሄዱ በእጅ ምልክት ከመቸገር ይህን ብቻ ብትናገሩ ሐኪሙ ይገባዋል። «ወስዋስ» የሚያንሾካሹክ ነገር ነው፤ «ቀህሪ» የሚያስገድድ ነው። ስሙ ሕመሙን በደንብ ይገልጸዋል፤ መጀመሪያ ያንሾካሹካል፣ ከዚያ ያስገድዳል።

ስለዚህ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሳንፈልገው የሚመጣ ሐሳብ ወይም ምስል ነው፦ «እጄ ላይ ጀርም አለ»፣ «ቤቱ ይቃጠላል»፣ «ልጁን እጎዳዋለሁ»፣ «በጸሎት መካከል ክፉ ቃል ተናገርሁ»። ይህ ሐሳብ ልብን ያስደነግጣል። ሁለተኛው ድንጋጤውን ለማብረድ የምናደርገው ነው፦ መታጠብ፣ ማየት፣ መቁጠር፣ ደጋግሞ መጠየቅ። በእጅ ብቻ አይደለም የሚደረገው፤ በልብም ይደረጋል። ክፉውን ሐሳብ በጥሩ ሐሳብ ማጥፋት፣ አንድን ጸሎት «በትክክል» እስኪወጣ ሃያ ጊዜ መድገም፣ የቀኑን ሥራ እንደ ፊልም እያጠነጠኑ መመርመር ሁሉ ያው ነው።

ጠንቃቃ መሆን በሽታ አይደለም። ዕቃ ማጠብ፣ በር መዝጋት ሥራችን ነው። በሽታ የሚሆነው ከቀናችን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲበላ፣ ወይም ሲያስጨንቀን፣ እንቅልፍና ሥራ ሲነሳን ነው። ከመቶ ሰው ወደ ሁለቱ በዕድሜው አንድ ጊዜ ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል፤ በቤተሰብም ይሄዳል። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያብሱታል፤ ሁለቱንም ደግሞ እኛ እናውቃቸዋለን። የእምነት ማነስ አይደለም። ስንፍናም አይደለም። እናትሽ በደንብ ስላላሳደገችሽም አይደለም።

ያ አስደንጋጭ ሐሳብ ራሱ ለብቻሽ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማንና ዴ ሲልቫ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ ሰዎች «ይህን ሰው ብገፈትረውስ?» የመሰለ ድንገተኛ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ተናገሩ። ልዩነቱ ጤነኛው ሰው «ምን ዓይነት ሐሳብ ነው!» ብሎ ሥራውን መቀጠሉ ነው። ሕመሙ ያለባት እኅት ግን ሐሳቡን እንደ ዐዋጅ ትሰማዋለች፤ ተነሥታም ትታዘዘዋለች።

ቸኮላት የለመደ ልጅ

ልጅ ስለምታሳድጉ ይህ ይገባችኋል። ልጁን ይዛችሁ ሱፐርማርኬት ገባችሁ። ቸኮላት አየና አለቀሰ። ማዳም ሰው እንዳያያት ብላ ሰጠችው፤ ዝም አለ። ሁላችሁም ዐረፋችሁ። ነገስ? ነገ ገና ከበሩ ሲገባ ያለቅሳል። ከነገ ወዲያ አንዱ አይበቃውም፤ ሁለት ይላል። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ለቅሶ ቸኮላት እንደሚያመጣ ተምሮ ነው።

አንድ ቀን ማዳም ቆርጣ «ዛሬ የለም» ብትልስ? መጀመሪያ ከወትሮው ይበልጥ ይጮኻል፤ መሬት ላይ ይንከባለላል። በዚህ ጊዜ ብትሰጠው ያስተማረችው መጥፎ ነገር ነው፤ «ከጮኽህ ይሰጥሃል» ብላዋለች። ካልሰጠችው ግን ይደክመዋል። በማግሥቱ ያለቅስ ይሆናል፤ ግን ያነሰ። እንዲህ እያለ ይተወዋል።

ፍርሃታችን ያ ልጅ ነው። መታጠቡ፣ ተነሥቶ ጋዝ ማየቱ፣ «ልጁ ደህና ነው አይደል?» ብሎ መጠየቁ ቸኮላቱ ነው። ባደረግነው ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ እናርፋለን፤ ያችው ዕረፍት ነገ ፍርሃቱን ታሳድገዋለች።

ጋዝ ደጋግማ ለምታይ እኅት አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች ሰዎች በኮምፒውተር ላይ የጋዝ ምድጃ ደጋግመው እንዲያበሩ፣ እንዲያጠፉና እንዲያረጋግጡ አደረጉ። ደጋግመው ያረጋገጡት ሰዎች በመጨረሻ ያዩትን ነገር ማስታወሳቸውን ይበልጥ ተጠራጠሩ። አሥረኛው ማየት ከአንደኛው ጋር ይደባለቃልና። ስለዚህ «እርግጠኛ እስክሆን ልየው» ብትዪ ርግጠኝነቱ እየራቀ ነው የሚሄደው።

ሕክምናው ከየት መጣ?

ለረጅም ዘመን ሐኪሞች ይህን ሕመም ለማዳን ተቸግረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለንደን ሆስፒታል ውስጥ የተኙ ሁለት ታማሚዎችን እንዴት እንደ ረዳ ጻፈ። የሚፈሩትን ነገር እንዲቀርቡ ይደረጋል፤ ከዚያ ነርሶች አጠገባቸው ሆነው ለማረፍ የለመዱትን ነገር እንዳያደርጉ ይጠብቋቸዋል። ፍርሃቱ ካልታዘዙት እንደሚደክም፣ የፈሩትም ነገር እንዳልመጣ በገዛ ዐይናቸው አዩ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተፈትኖ ለዚህ ሕመም ዋናው የንግግር ሕክምና ሆኗል። ባለሙያዎቹ መጋለጥና ምላሽ መከልከል ይሉታል። እኛ «መጋፈጥና አለመታዘዝ» እንበለው። ዛሬ ማንም ማንንም አያስገድድም፤ ደረጃውን የምትመርጠው ታማሚዋ ራሷ ናት።

እንዴት ይደረጋል?

አንዲት እኅት እናስብ። ፍርሃቷ «ከሽንት ቤት ጀርም ይዤ ልጁን አሳምመዋለሁ» የሚል ነው። እጇን በቀን አርባና ሃምሳ ጊዜ ትታጠባለች፤ አንዳንዴም ውኃ ባልነካው በረኪና። ይህች እኅት በመጀመሪያ የምትፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ትጽፋለች። ፍርሃቷንም ከ0 እስከ 10 ትመዝናለች። መሰላሏ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

በ2፦ የሳሎኑን በር እጀታ ነክቶ አለመታጠብ።
በ4፦ የሽንት ቤቱን መብራት ማብሪያ ነክቶ የራስን ልብስና ስልክ መንካት፤ 30 ደቂቃ አለመታጠብ።
በ6፦ ሽንት ቤት አጽድቶ ጓንት ካወለቁ በኋላ በሳሙና አንድ ጊዜ ብቻ፣ 20 ሰከንድ ያህል አሽቶ መታጠብ፤ አለመድገም።
በ8፦ እንዲያ አንድ ጊዜ ብቻ ታጥቦ የልጁን ምግብ ማዘጋጀት።
በ10፦ ይህን ሁሉ አድርጎ ማታ «ልጁ አላመመውም?» ብሎ ማንንም አለመጠየቅ፤ ተነሥቶም ግንባሩን አለመንካት።

ልብ በሉ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ምግብ ሥሩ አላልኩም። ማንኛውም ጤነኛ ሰው የሚታጠበውን ያህል ትታጠባለች። የሚቀረው ትርፉ ነው።

የምትጀምረው ከ2 ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አራት ነገሮችን ግን ትጠብቃለች።

አንደኛ፣ ትቆያለች። ፍርሃቱ ሲመጣ ልቧ ይመታል፤ ላብ ላብ ይላታል። ይህ አያስሞትም። ፍርሃቱ ቀነስ እስኪል፣ ወይም «ከነፍርሃቴ መቆየት ቻልሁ» እስክትል ድረስ ትቆያለች። በመካከል ሮጣ ከታጠበች ልጁ ቸኮላቱን አገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በልቧም አትታዘዝም። እጇን ሳትታጠብ በልቧ «ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ነው» እያለች ከቆጠረች ያው መታጠብ ነው።

ሦስተኛ፣ ራሷን አታባብልም። «ምንም አይመጣም» ብላ አትምልም፤ ፍርሃቱ «በምን አወቅሽ?» ብሎ ይመልስላታል፤ ክርክሩም አያልቅም። ይልቅ «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ አሁን አላጣራም» ትላለች። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ነገር ግን አስቡት፤ ልጆቻችንን አገር ቤት ትተን መጥተን ሳናውቅ ነው የምናድረው። ደመወዝ እስኪላክ፣ ኮንትራት እስኪያልቅ ስንቱን ሳናውቅ እንኖራለን። ሳያውቁ መኖርን ከእኛ የበለጠ የተለማመደ የለም። ያንን ጉልበት ለዚህም ማዋል ይቻላል።

አራተኛ፣ ትደጋግማለች። አንድ ቀን ማድረግ አይበቃም። ያንኑ ደረጃ በየቀኑ እስኪሰለቻት ታደርገዋለች። ፍርሃቱ ከ4 ወደ 1 ሲወርድ ወደ ቀጣዩ ትወጣለች። አንድ ሳምንት ብትወድቅ፣ ብትታጠብ፣ መሰላሉ አልተሰበረም፤ ከቆመችበት አንድ ዝቅ ብላ ትቀጥላለች።

በአንዴ መተው ያቃታት ማዘግየት ትጀምር። «አልታጠብም» ማለት ካልቻልሽ «ከ5 ደቂቃ በኋላ እታጠባለሁ» በዪ። ነገ 10፣ ከነገ ወዲያ 20 ይሁን። ጋዝ የምታይ ደግሞ፣ እያየሽ፣ በእጅሽ ይዘሽ፣ አንድ ጊዜ ዝጊውና ወጥተሽ ሂጂ። በስልክ ፎቶ አታንሺው፤ ፎቶ ማየትም ያው ምድጃውን ማየት ነው።

በሰው ቤት ሆኖ እንዴት?

አንዷ እንዲህ ትለኝ ይሆናል፦ «እትዬ፣ አንቺ አትታጠቢ ትያለሽ፤ ማዳም ደግሞ አሁንም አሁንም ታጠቢ ትላለች።» እውነት ነው። ሥራችን ማጽዳት ነው፤ ሕመሙም በማጽዳት ውስጥ ይደበቃል። መለያው ይህ ነው፦ ማዘዣው ከማን ነው የመጣው? ማዳም ወለሉን በቀን ሁለቴ ወልውዪ ካለች ሁለቴ ይወለወላል፤ ያ ሥራ ነው። ሦስተኛውን ያዘዘው ፍርሃት ነው። እሱን ነው የማንታዘዘው። ጠዋት ሥራ ሳትጀምሪ የዕለቱን ሥራ ከነቁጥሩ በወረቀት ጻፊ፦ ገንዳ 1፣ ወለል 2፣ ሽንት ቤት 1። ሲያልቅ ሰርዢው። የተሰረዘ ሥራ አይከፈትም። «በደንብ ጸድቷል ወይ?» የሚለውን ለስሜትሽ አትጠይቂው፤ ስሜትሽ አሁን የታመመው እሱ ነው።

ቤቱ ጠባብ ሆኖ፣ ካሜራ እያየሽ፣ ለልምምድ ጊዜ የለኝም የምትይ አለሽ። ልምምዱ የተለየ ጊዜ አይፈልግም። በሥራሽ መካከል ነው የሚደረገው፤ የምትጨምሪው ነገር የለም፣ የምትተዪው እንጂ። የተውሽው ትርፍ መታጠብ ደቂቃ ይመልስልሻል፤ ያ ደቂቃ እንቅልፍሽ ይሁን።

ስለ በረኪና ግን አጥብቄ የምናገረው አለኝ። በረኪና ወይም ክሎሮክስ ለቆዳ አልተሠራም፤ እጅ አይታጠቡበትም፣ ገላም እንዲሁ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባን የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው ይገድላል። «ይበልጥ ይጸዳል» ብላችሁ ሁለቱን አታቀላቅሉ። ይህን የምለው ሕመሙ ላለባትም ለሌለባትም ነው።

ለማንም የማይነገረው ሐሳብ

ወደ በረንዳዋ እኅት ልመለስ። ቢላዋ ስትይዝ፣ ሕፃኑን ስታጥብ «ብጎዳውስ?» ይላታል። ከዚያ ቢላዎቹን ትደብቃለች፤ ከልጁ ጋር ብቻዋን መሆን ትፈራለች፤ ማታ «ዛሬ ክፉ ነገር አድርጌ ይሆን?» ብላ ቀኑን ትመረምራለች። ይህ ሕመም የሚያጠቃው የምንወደውን ነው። ሐሳቡ የሚያንገፈግፍሽ ከፍላጎትሽ ጋር ስለሚጣላ ነው። እንዲህ የሚጨነቁ ታማሚዎች በሐሳቡ ምክንያት ሌላውን የመጉዳት ዕድላቸው ከሌላው ሰው እንደማይበልጥ ሐኪሞች ያውቃሉ። ሕክምናውም ያው ነው፦ ቢላውን ከመደበቂያው ማውጣት፣ ሽንኩርቱን መክተፍ፣ ሐሳቡ ሲመጣ ሳይባረር እንዲቀመጥ መተው፣ ማታም ቀኑን አለመመርመር። ይህኛውን ግን ቢቻል ከባለሙያ ጋር ጀምሩት።

ይህን ሐሳብ ለማዳም አትንገሪያት። ክፉ ስለሆነች ሳይሆን ሕመሙን ስለማታውቅ ልትደነግጥ፣ ፖሊስም ልትጠራ ትችላለች። ለሐኪም ንገሪ። ሐኪም ጋ ስትገቢም አስተርጓሚሽ ማዳም እንዳትሆን ለምኚ፤ የምታምኛት እኅት በስልክ ታስተርጉምልሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ግን ለማን እንደሚነገርም ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ አለ፤ በጸሎት ጊዜ የሚመጣ የስድብ ሐሳብ። ይህች እኅት ጸሎቷን ከመጀመሪያው ትጀምራለች፣ እንደገና ትጀምራለች፤ ያንኑ ነገር በየሳምንቱ ንስሐ ትገባለች፤ ጾሟን ታበዛለች፤ ዕረፍት ግን የላትም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ7ኛው መቶ ዘመን ገደማ በሲና ተራራ ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ስለ አንድ መነኩሴ ጽፏል። ይህ መነኩሴ በስድብ ሐሳብ 20 ዓመት ተሠቃየ። ጾመ፣ ሌሊት ቆመ፤ አልቀለለውም። በመጨረሻ ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ለአንድ አረጋዊ አባት ሰጠና ከኀፍረቱ የተነሣ ፊቱን መሬት ላይ ደፋ። አረጋዊው አንብበው ፈገግ አሉ። አስነሡትና እጁን በአንገታቸው ላይ እንዲያኖር ነገሩት። ኃጢአቱ ያለፈውም የሚመጣውም በእርሳቸው አንገት ላይ እንዲሆን፣ እርሱ ግን ከእንግዲህ ያንን ሐሳብ ከቁም ነገር እንዳይቈጥረው አዘዙት። መነኩሴው ከክፍላቸው ሳይወጣ ቀለለው።

አረጋዊው ጾም ጨምር አላሉትም። ተሟገት፣ አባርረው አላሉትም። ቁም ነገር አታድርገው አሉት። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ሐኪሞችም ወደዚሁ ደረሱ። ስለዚህ ጸሎትሽን አንድ ጊዜ ጸልዪ። ሐሳቡ ቢመጣም እስከ መጨረሻው ቀጥዪ፤ ወደ ኋላ አትመለሺ። ለንስሐ አባትሽም «ይህ ሕመም አለብኝ፤ ይኸንኑ ነገር ደግሜ ባመጣ አይቀበሉኝ» ብለሽ አስቀድመሽ ተስማሚ። ጠበል የምትሄድም ትሂድ፤ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ግን አታቋርጥ።

ጓደኛ ምን ታድርግ?

እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን ሕመሙ የለብንም፤ ግን ያለባት ጓደኛ አለችን። በዋትስአፕ፣ በኢሞ ትደውላለች፦ «እታለም፣ እጀታውን ነክቼ ልጁን አቀፍኩት፤ ምንም አይሆንም አይደል?» እኛም በፍቅር «አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም» እንላለን። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ትደውላለች። እኅቶቼ፣ ያ «ምንም አይሆንም» ቸኮላት ነው። በየዋህነት ሕመሙን እየመገብነው ነው።

ታዲያ እንጨክንባት? አይደለም። እሷ ደህና ባለች ጊዜ ተስማሙ። ከዚያ ስትደውል እንዲህ በይያት፦ «የኔ እኅት፣ እንደጨነቀሽ አውቃለሁ። ይህ ጥያቄ የሕመሙ ስለሆነ አልመልሰውም፤ ተስማምተናል። ግን ስልኩን አልዘጋም። እስኪቀልሽ አብረን እንቆይ፤ ዛሬ ምን በላሽ?» መልሱን እንከለክላለን እንጂ ራሳችንን አንከለክላትም። አትቆጪያት፤ «ተይ» ብቻ ብትያት መተው ብትችል ኖሮ ድሮ ትተወው ነበር።

ይህ ሕክምና ያልሆነው

ሦስት ነገር ሳልናገር ባልፍ ጥፋት ነው።

እውነተኛ አደጋን መልመድ አይደለም። ጋዝ ከሸተተሽ ዝጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ውጪ። የውጭ መስኮት ለመወልወል በረንዳ ጠርዝ ላይ ውጪ ስትባዪ የምትፈሪው ፍርሃት ሕመም አይደለም፤ ልክ ነው። የሚመታሽ፣ ምግብ የሚከለክልሽ፣ በር የሚቆልፍብሽ ሰው ካለ ያ የሚለመድ ሳይሆን እርዳታ የሚጠየቅበት ነው። ፍርሃትን የምንፈትነው ሌላው ጤነኛ ሰው ያለ ስጋት በሚያደርገው ነገር ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ መድኃኒትም አለ። ሐኪም እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ያለ ሊያዝ ይችላል። ቶሎ አይሠራም፤ ለውጡ እስከ 12 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብላችሁ አትጣሉት፤ ያለ ሐኪም ምክርም በድንገት አታቋርጡት። የጓደኛን ኪኒን አትዋሱ። አገር ቤት የምትገቡ ደግሞ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና እንዳለ ታውቃላችሁ፤ «አማኑኤል ገባች» መባልን አትፍሩ።

ሦስተኛ፣ ድምፅ የምትሰማ፣ ሰው መጉዳትን በእውነት የምትፈልግ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የምትል እኅት ካለች ይህ ልምምድ አይበቃትም። ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ትይ። በሊባኖስ ራስን ለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች የሚረዳው መስመር 1564 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው። አማርኛ ላይገኝ ስለሚችል ዐረብኛ የምትችል እኅት አጠገቧ ሆና ትደውል።

በዚህ ሳምንት

ይህ ሕክምና ሁሉንም ሰው ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ ብዙዎችን ግን ከቀኑ ግማሹን ከሚወስድባቸው ነገር ያወጣቸዋል። ሐሳቡ አንዳንዴ ብቅ ይል ይሆናል፤ እንደ ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ይሰማል እንጂ ቤቱን አይገዛም።

ሕመሙ ያለባችሁ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ወረቀት ወስዳችሁ የምትፈሩትን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ጻፉ። ከታች ያለውን፣ ትንሹን ምረጡ። ሰኞ አንድ ጊዜ አትታዘዙት። ማክሰኞም እንዲሁ። እሑድ ስንገናኝ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ ማንም ሳያይ ጥግ ላይ ቁጭ ብለን አብረን እናየዋለን። መምጣት የማትችሉም በምታምኗት እኅት በኩል ላኩብኝ።

በዚህ አገር የሚያዝዘን ብዙ ነው። ከአዛዦቻችን መካከል ደመወዝ የማይከፍል፣ ኮንትራት የሌለው፣ ሌሊትም የማይተኛ አንዱ ፍርሃት ነው። እሱን ያለመታዘዝ መብት አለን።

እግዚአብሔር በሰላም ወደየቤታችሁ ያግባችሁ።